ዩራኒየም በውሃ ውስጥ ስለሚሰጠው ብርሃን
(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



በመሥሪያ ቤቴ ትእዛዝ ወደ ወልድያ ሄጄ ሳለሁ፣ የታዘዝሁበት ጉዳይ ካሰብሁት ቀደም ብሎ ስላለቀ፣ የተረፈኝን አንድ ቀን ሀብሩን ለማየት አዋልሁት። በጊራና በኩል፣ ብርቱካኑና ማንጎው ጥላ በሠራበት ስፍራ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የተሳበ ውሃ የሚቀዳበት አንድ ቦኖ አለ። ሴቶችና ልጆች ጀሪካናቸውን ደርድረው ወረፋ ይዘው ነበር። የቦኖው ጠባቂ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ውሃው ደኅና ነው ወይ፣ አባቴ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ በብርጭቆ ቀድተው ወደ ሰማይ አንሥተው አሳዩኝና፣ «አብሽር ልጄ! ይኸው እየው፤ ፀሐይ እንኳ ሳትነካው ታልፋለች» አሉኝ።

እውነትም ውሃው እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። ጠጥቼ ካመሰገንሁ በኋላ ግን ሽማግሌው በተራቸው እኔን ጠየቁኝ። «እናንተ የሬዲዮ ሰዎች ብዙ ነገር ትሰማላችሁ። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ ዩራኒየም የሚባል በውሃ ውስጥ የሚያበራ ማዕድን አለ ይለኛል። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ጉድጓድ ቢኖር ኖሮ፣ ሌሊት ስጠብቅ አላየውም ነበር?»

እኔ ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ሰው ስለ ሆንሁ፣ አፌን ሞልቼ ልመልስላቸው አልቻልሁም። «መርምሬ እነግርዎታለሁ» ብዬ ተለየኋቸው። የዛሬው ንግግሬ ለእርሳቸው የገባሁት ቃል ነው። ታሪኩ ከአውሮፓ ስለሚነሣ፣ ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አድማጮቼ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ «ማብራት» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ከባንክ ገንዘብ ስታወጡ፣ ገንዘብ ከፋዩ አንዳንዱን የብር ኖት ከሐምራዊ መብራት ሥር ሲያሳልፈው አይታችሁ ይሆናል። በቀን ብርሃን የማይታየው ምልክት ከዚያ መብራት ሥር ደምቆ ይወጣል። መብራቱ ዓይናችን የማያየውን፣ ከሐምራዊ ቀለም በላይ ያለውን አልትራቫዮሌት የሚባለውን ጨረር ይሰጣል፤ በኖቱ ላይ ያለው ቀለም ያንን ተቀብሎ፣ ዓይናችን በሚያየው ብርሃን መንዝሮ ይመልሰዋል። ኖቱ ከመብራቱ ሲወጣ ምልክቱ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ነገር ተበዳሪ እንጂ ባለሀብት አይደለም፤ ካልሰጡት አይሰጥም። የዩራኒየምም ብርሃን ከዚህ ወገን ነው።

ዩራኒየምን ያገኘው ክላፕሮት የተባለው የበርሊን ኬሚስት ሲሆን፣ ዓመቱ 1789 ነበር። ማዕድኑ የመጣለት በሳክሶኒ አውራጃ ካለው ከዮሐንጌኦርገንሽታት የማዕድን ጉድጓድ ነው። ይህን ተራራማ አገር አስታውሱልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለንና። ስሙንም ከስምንት ዓመት በፊት ኸርሸል ባገኘው በኡራኑስ ፕላኔት ስም ጠራው። ክላፕሮት ብረቱን አገኘሁ ብሎ ነበር፤ በእጁ የነበረው ግን ከኦክሲጅን ጋር የተዋሐደው እንጂ ንጹሑ አልነበረም። ንጹሑን በ1841 ለይቶ ያወጣው ፔሊጎ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ለብዙ ዘመን የዩራኒየም ዋና ጥቅም ብርጭቆ ማቅለም ነበር። የቦሔሚያ ብርጭቆ ሠሪዎች በ1830ዎቹ ዩራኒየም እየጨመሩ ብጫና አረንጓዴ የሆነ፣ በማለዳና በምሽት ብርሃን ከውስጡ የሚፈካ የሚመስል ጽዋ ይሠሩ ነበር። ለምን እንደሚፈካ ግን አያውቁም ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት መንገዱን የከፈተው በ1852 የካምብሪጁ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ ነው። ስቶክስ የፀሐይን ብርሃን ወደ ጨለማ ክፍል አስገብቶ በፕሪዝም እንደ ቀስተ ደመና ዘረጋው። ከዚያም የኪኒን መድኃኒት የተሟሟበትን ውሃ በመስተዋት ቱቦ አድርጎ ከቀዩ ጀምሮ ወደ ሐምራዊው ቀስ እያለ አሳለፈው። ቱቦው ከሐምራዊው አልፎ ምንም ብርሃን ከማይታይበት ጨለማ ሲደርስ፣ ውሃው በሰማያዊ ብርሃን ቦግ አለ። በዚህም የማይታይ ብርሃን እንዳለ፣ ውሃውም እርሱን ወደሚታይ ብርሃን እንደሚለውጠው፣ የሚሰጠውም ብርሃን ዘወትር ከተቀበለው ይልቅ ወደ ቀይ ያዘነበለ እንደ ሆነ አወቀ። ፍሎረሰንስ የሚለውን ስም ያወጣለት እርሱ ነው። ዩራኒየም ያለበትንም ብርጭቆ በዚሁ መንገድ መርምሮታል። (በነገራችን ላይ፣ ይህ መራራ መድኃኒት በአገራችን ቆላ የወባ ዋና መከላከያ በነበረበት ዘመን ስሙ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ፣ ዛሬ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» እንላለን። ወደ መርሳና ወደ ቆቦ ቆላ ወርዶ ኪኒን ያልዋጠ የወሎ ሰው ጥቂት ነው፤ ዋጩ ግን በሆዱ የያዘው የስቶክስን ብርሃን መሆኑን አላወቀም።)

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ አንድ የፈረንሳይ ቤተ ሰብ ይሻገራል። የቤክረል ቤት አራት ትውልድ በተከታታይ በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የፊዚክስ መምህር የሆነበት ቤት ነው። ከእነርሱ ሁለተኛው ኤድሞን ቤክረል፣ ብርሃኑ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቈይ የሚለካ መሣሪያ ሠራ። ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ክቦች በፍጥነት ይዞራሉ፤ አንዱ ብርሃን ሲያስገባ ሌላው ይዘጋል፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ለዓይን ይከፍታል። የዩራኒየም ጨዎች ከሚወዳቸው መመርመሪያዎች ዋነኞቹ ነበሩ፤ ብርሃናቸው በፕሪዝም ሲታይ እንደ መሰላል ርከን በተስተካከለ ርቀት የተደረደረ ነውና። በውሃ የተሟሟው ዩራኒየም ብርሃን ግን በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች ውስጥ የሚያልቅ ስለ ሆነ፣ የዚያ ዘመን የክብ መሣሪያ ሊይዘው የሚችል አልነበረም።

ልጁ ኧንሪ ቤክረል ከአባቱ የወረሰው ይህን የዩራኒየም ጨው ነው። በ1896 መጀመሪያ፣ የኤክስ ሬይ ወሬ በአውሮፓ ሁሉ በተሰማ ጊዜ፣ ፖንካሬ የተባለው ሊቅ ኤክስ ሬይና የሚፈኩ ነገሮች ዝምድና ይኖራቸው ይሆን የሚል አሳብ አቀረበ። ቤክረልም የፎቶግራፍ ሳሕን በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ፣ በላዩ የዩራኒየምና የፖታሲየም ጨው አኑሮ ፀሐይ ላይ አወጣው። ሳሕኑ ጠቈረ። ፀሐይ ጨውን ታፈካዋለች፤ የፈካው ጨው ኤክስ ሬይ ይሰጣል ብሎ አመነ፤ ለሳይንስ አካዳሚም እንዲሁ ብሎ ነገረ። ከዚያ የካቲቱ ደመና መጣ። በ26ና በ27 ፀሐይ አልፎ አልፎ ብቻ ስለ ታየች፣ አዘጋጅቶ የነበረውን ሳሕን ከነጨው በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። መጋቢት 1 ቀን አወጣና፣ እምብዛም ነገር አገኛለሁ ሳይል ቢያጥበው፣ ምስሉ ከበፊቱ ያልደከመ፣ እንዲያውም የበረታ ሆኖ አገኘው።

ብዙዎች የዚህን ታሪክ መጨረሻ እዚህ ላይ ያደርጉታል። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ ደስ የሚለኝ በዚያው ዓመት ያደረገው ሌላ ሙከራ ነው፤ የእኛ የውሃ ነገር የሚገባው በዚህ ነውና። የዩራኒየም ናይትሬት ጨው በውስጡ የራሱ ውሃ አለው፤ ሲሞቅ በገዛ ውሃው ይሟሟል፤ ሲሟሟም ፍካቱ ይጠፋል። ቤክረል ጨውን በጨለማ አሙቆ አሟሟው፤ በጨለማም አቀዝቅዞ እንደ ገና ጨው አደረገው። አሁን ይህ ጨው ከብርሃን ያገኘው ብድር ቢኖር በውሃው ውስጥ ጠፍቶበታል፤ አዲስም አልተበደረም። ነገር ግን ሳሕኑን እንደ ቀድሞው አጠቈረው። ከዚያም ፈጽሞ የማይፈኩትን የዩራኒየም ውሁዶች፣ በመጨረሻም ንጹሑን ብረት ሞከረ፤ ሁሉም አጠቈሩ። ስለዚህ በዩራኒየም ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉ ታወቀ። አንዱ ከውጭ ብርሃን ተቀብሎ የሚመልሰው ፍካት ነው፤ ይህ የሚታይ፣ የማይጎዳ፣ ተበዳሪ ብርሃን ነው። ሁለተኛው ከአቶሙ ውስጥ ያለ ማንም ሰጪ የሚወጣው፣ ማሪ ኩሪ በኋላ ራዲዮአክቲቪቲ ያለችው ጨረር ነው፤ ይህ ለዓይን አይታይም። በሲኒማ የሚታየው፣ በጨለማ አረንጓዴ ሆኖ የሚበራው ዩራኒየም የእነዚህ የሁለቱ ነገሮች መደባለቅ የወለደው ነው። የጊራናው ሽማግሌ የልጅ ልጅም የሰማው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ቤክረል የቀለጠው ጨው ፍካቱን አጣ ሲል፣ በዓይኑ ያየው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ብርሃኑ ፈጽሞ ጠፍቶ ሳይሆን ደክሞና አጥሮ ነበር። ለምን እንደሚደክም የተረዳው የኋላው ትውልድ ነው።

በውሃ ውስጥ የሚገኘው የዩራኒየም ዋና መልክ ዩራኒል ይባላል። አንድ የዩራኒየም አቶም በግራና በቀኝ ሁለት የኦክሲጅን አቶሞች አጥብቀው ይዘውት፣ እንደ አንድ ቀጥ ያለ በትር ሆኖ ይቆማል። ወገቡ ግን ባዶ ነው፤ በዚያ ዙሪያ አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ባልንጀሮች ሊቀመጡ ይችላሉ። ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ፎስፌት፣ ፍሎራይድ፣ ካርቦኔት ሊሆን ይችላል። ኬሚስቶች ይህን ማኅበር ኮምፕሌክስ ይሉታል። ብርሃን ሲመታው ዩራኒሉ ይነሣሣል፤ የተነሣሣውም ኃይል በብርሃን ከመውጣቱ በፊት ባልንጀሮቹ ሊነጥቁት ይችላሉ። በአሲድ ውስጥ ውሃ ብቻ ከከበበው፣ ብርሃኑ በሰከንድ ሁለት ሚሊዮንኛ ያህል ጊዜ ውስጥ ያልቃል፤ አረንጓዴ ርከኖቹም በ488፣ በ510ና በ533 ናኖሜትር አካባቢ ይታያሉ። ክሎራይድ፣ ይልቁንም አዮዳይድ ከተጨመረ ብርሃኑ ወዲያው ይሞታል። ፎስፌት ከከበበው ግን ከውሃው ቀማኛ ይጋረዳልና ዕድሜው በዐሥሮች ዕጥፍ ይረዝማል። ሰው ከማን ጋር እንደ ዋለ በሁኔታው እንደሚታወቅ፣ ዩራኒየምም ከማን ጋር እንዳለ በብርሃኑ ቀለምና ዕድሜ ይታወቃል።

ይህን ብርሃን ለመለኪያ ያዋሉት መጀመሪያ ውሃውን አስወግደው ነው። በ1926 ኒኮልስና ስላተሪ የተባሉ አሜሪካውያን፣ ጥቂት ዩራኒየም በቀለጠ ሶዲየም ፍሎራይድ ውስጥ ሲገባ በአልትራቫዮሌት ሥር በብጫ ብርሃን አምሮ እንደሚፈካ አሳወቁ። በ1930ዎቹ አጋማሽ በቪየና ኸርኔገርና ቤርታ ካርሊክ ይህችን የጨው ዶቃ ይዘው የባሕርን ውሃ መረመሩ። ዛሬ እንደሚታወቀው በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ 3 ማይክሮግራም ያህል፣ ማለት ከግራም ሦስት ሚሊዮንኛ እጅ ብቻ ዩራኒየም አለ። ያንን የመሰለ ጥቂት ነገር በብርሃን ይዘው ማውጣታቸው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ካርሊክ በኋላ፣ በ1956፣ በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕርግ ያገኘች የመጀመሪያይቱ ሴት ሆናለች። በአቶም ቦምብ ዘመን መንግሥታት ዩራኒየም ፍለጋ ተራራና ወንዙን ሲያስሱ፣ ይህችው ዶቃ በየቤተ ሙከራው አገልግላለች፤ ይህ ክፍል ሌላ ቦታ ብዙ የተጻፈበት ስለ ሆነ አልቈይበትም።

በ1970ዎቹ ሌዘር መጣ፤ ዶቃውም ቀርቶ ሙከራው ወደ ውሃው ተመለሰ። ዘዴው እጅግ የሚያምር ነው። የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ በቅጠልና በአፈር ብስባሽ ስለሚበከል፣ ሌዘር ሲመታው ብስባሹም አብሮ ይፈካል፤ የዩራኒየሙንም ብርሃን ይሸፍነዋል። ነገር ግን የብስባሹ ፍካት በቢሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ለውሃው ፎስፌት ጨምረው የዩራኒየሙን ብርሃን ዕድሜ ያረዝሙታል፤ ሌዘሩ እንደ ተኰሰ ወዲያው አይመለከቱም፤ የብስባሹ ጫጫታ እስኪያልፍ ጥቂት ይታገሡና ከዚያ በኋላ የቀረውን ብርሃን ብቻ ይለካሉ። በስብሰባ ላይ አዋቂው ሰው ጯኂዎቹ ደክሟቸው ሲቀመጡ እንደሚናገር ነው።

አሁን ወደ ሳክሶኒ ተራራ እንመለስ። ከክላፕሮት ማዕድን አገር እጅግ ሳይርቅ ሽሌማ የምትባል ቦታ አለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቪየት ኅብረት ትእዛዝ ያ አገር ሁሉ ለዩራኒየም ተቈፈረ፤ ሥራው በ1990 ሲቆም ጉድጓዶቹን ውሃ ሞላቸው። በድሬስደን አጠገብ ያሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ የሽሌማን ውሃ በሌዘር ሲመረምሩ፣ ብርሃኑ እስከዚያ ከሚያውቁት ከማንኛውም ጋር አልስማማ አላቸው። ዕድሜው በዐሥሮች የሚቈጠር ቢሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ሆነ። በመጨረሻም በዩራኒሉ ወገብ ሦስት ካርቦኔቶች ተቀምጠው፣ ሁለት ካልሲየሞች ደግሞ ከውጭ የታከኩበት ማኅበር መሆኑን ደረሱበት። ካልሲየሙ ባይኖር ኖሮ ሦስት ካርቦኔት የከበበው ዩራኒል በተራ ሙቀት ፈጽሞ አያበራም ማለት ይቻላል፤ ብርሃኑን ለማየት ውሃውን አቀዝቅዞ በረዶ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ የካልሲየም ማኅበር የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው፣ በአፈርና በድንጋይ ላይ እንደ ሌላው አይጣበቅም፤ ከውሃው ጋር አብሮ ይጓዛል። ውሃውን ለማጣራት ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱን መልክ የሚይዝ ማጣሪያ ሌላውን ሊያሳልፈው ይችላልና።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ምኗ ነው ትሉኝ ይሆናል። ዩራኒየም በየድንጋዩ ጥቂት በጥቂት አለ፤ በየውሃውም እንዲሁ። ወልድያና ሀብሩ የቆሙበት ጥቁር ድንጋይ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባዛልት፣ በዩራኒየም ድኻ ከሆኑት ድንጋዮች ወገን ነው። በስምጥ ሸለቆ በብዛት የሚገኘው ነጣ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ከዚህ ብዙ ዕጥፍ ይይዛል። ሬይማን የተባለው ተመራማሪ፣ ከእኛም ወገን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ያሉበት ቡድን በ2003 ባሳተመው ጥናት፣ ከስምጥ ሸለቆው 138 የመጠጥ ውሃ ናሙና ተመርምሮ፣ ከሦስቱ አንዱ ያህል ፍሎራይዱ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አልፎ ተገኝቷል። ዩራኒየምም ትኩረት ከሚሹት ነገሮች ጋር ተቈጥሯል። (ጥርስን የሚያበላሸው ፍሎራይድና የካርሊክ ዶቃ ፍሎራይድ አንድ መሆናቸው ይገርመኛል።) በመጠጥ ውሃ ያለው ዩራኒየም የሚፈራው ከጨረሩ ይልቅ በኬሚካል ጠባዩ ኵላሊትን ስለሚጎዳ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1998 ወሰኑን በሊትር 2 ማይክሮግራም አድርጎ ነበር፤ በ2004 ወደ 15፣ በ2011 ወደ 30 ከፍ አድርጎታል። ወሰን የሚያወጡ ሊቃውንትም እንደ እኛ መዝገብ ይሰርዛሉ ይደልዛሉ ማለት ነው።

ዛሬ አቶሞችን በክብደታቸው እየለየ የሚቈጥር መሣሪያ ስላለ፣ የብርሃኑ መንገድ ያረጀ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ እንደሚገባኝ አላረጀም። ቈጣሪው መሣሪያ ምን ያህል እንዳለ ይነግራል፤ ከማን ጋር እንዳለ ግን አይነግርም፤ ሲመረምረው ማኅበሩን ሁሉ አቃጥሎ ይበትነዋልና። ደግሞም ቀላሉ የብርሃን መለኪያ ከዚያ እጅግ የረከሰ ነው። በ2021 በጦርነቱ ብዙ ንብረት የወደመበት የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎቹን በሚያደራጅበት ጊዜ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ቀለም ለይቶ የሚያሳልፍ መስተዋትና ጥቂት ፎስፌት ለመጀመር የሚበቁ መሆናቸውን ቢያስብበት ከድፍረት አይቈጠርብኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለሽማግሌው የምነግራቸው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ከጉድጓድዎ ውስጥ ዩራኒየም አለ አላልሁም፤ ድንጋዩን አይቶ ለሚፈርድ ሰው ብዙ የሚኖር አይመስለውም። ነገር ግን ቢኖርም ሌሊት አያዩትም ነበር። አንደኛ፣ ብርሃን ያላበደረው ማንም ስለሌለ። ሁለተኛ፣ ከባዛልት የሚወጣ የጉድጓድ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ስለ ሆነ፣ ዩራኒየሙ ብርሃኑን ከሚያጠፉበት ባልንጀሮች መካከል ነው የሚቀመጠው። ፀሐይም ሳትነካው ያለፈች መስላ ብትታይ፣ ነክታው ይሆናል፤ እርሱ ግን ዓይን ሊያየው የሚችል ነገር አልመለሰም።

በሚመጣው ጉዞዬ ሁለት ንጹሕ ጠርሙስ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ሁለቱንም እስከ አፋቸው ይሞሉልኛል። በአንደኛው ላይ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመራል፤ ዩራኒየሙ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅና መጠኑ እንዳይጐድል ነው። አሲዱ ግን ካርቦኔቱን ስለሚበትን፣ ሁለተኛው ጠርሙስ ምንም ሳይጨመርበት፣ ከፀሐይ ተከልሎና ቀዝቅዞ ይጓዛል።